አጭሩ የዓሣ ጦር፦ የሚበላውን ያህል ብቻ ለሚያወጣ ሰው የሚሆን መሣሪያ

ለዚህ ግምገማ የመረጥኩት ዕቃ በደቡብ ካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ ያለ አየር በርሜል በራሳቸው ትንፋሽ ብቻ እየጠለቁ ዓሣ የሚያድኑ ሰዎች የሚይዙት ባለ ላስቲክ የእጅ ጦር ነው። ሳን ዲዬጎ ውስጥ ካለ የጠላቂዎች ዕቃ መደብር የገዛሁት ይህ ጦር ከመቶ ዶላር በታች የሚያወጣ፣ ከአልሙኒየም የተሠራ፣ ከሁለት ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ርዝመት ያለውና መኪና ውስጥ እንዲገባ በሦስት ቁራጭ የሚፈታ ነው። የሠሪውን ስም አልጠቅስም፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በዚህ ዓይነት ጦር ላይ በአጠቃላይ የሚሠራ ስለሆነ ለአንድ ድርጅት ምስጋናም ሆነ ወቀሳ እንዲሆን አልፈልግም። የምመዝንበትን ሚዛን ግን ከወዲሁ መናገር አለብኝ። የአደን ዕቃ ግምገማዎች አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያን የሚያሞግሱት ብዙና ትልቅ ዓሣ ስላወጣ ነው። እኔ የምጠይቀው ግን መሣሪያው ቤተሰቤ በልቶ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ፣ ያውም የመረጥኩትን ዓሣ ብቻ፣ ሳላሠቃየው እንዳወጣ ይረዳኛል ወይ የሚለውን ነው።

መሣሪያው ረጅም ዘንግ፣ ከፊቱ የሚወጋ ጫፍ፣ ከኋላው ደግሞ የላስቲክ ቀለበት አለው። ጠላቂው ላስቲኩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አስገብቶ እጁን በዘንጉ ላይ ወደ ፊት እያንሸራተተ ይወጥረዋል፤ ከዚያም ዘንጉን ጨብጦ ይጠብቅና ዓሣው ሲቀርብ ጭብጡን ይለቃል። ቃታ የለውም፤ መቆለፊያም የለውም። ጦሩን ወጥሮ የያዘው የሰውየው ጡንቻ ብቻ ስለሆነ ክንድ ሲዝል ላስቲኩን ከማላላት በቀር አማራጭ የለም። በጦር ዓሣ መውጋት ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ በጋምቤላ የአኙዋክና የኑዌር ሕዝቦች በተለይ ውኃው በሚጎድልበት የበጋ ወቅት በጦር ዓሣ ሲያወጡ ኖረዋል። የደጋው ሰው ግን ዓሣን የሚያውቀው በአብዛኛው ከሳህን ላይ ስለሆነ፣ ብዙዎቻችን ይህን መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የምንጨብጠው ከአገር ከወጣን በኋላ ነው።

ገበያው ውስጥ የዚህ ጦር ተፎካካሪ ቃታ ያለው፣ ጠመንጃ መሰሉ መተኮሻ ነው። ይህኛው እንደ ርዝመቱ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ርቆ የሚገኝን ዓሣ መውጋት ይችላል። የእጅ ጦሩን ጉልበት ግን ከጫፉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ካለፈ ውኃው ይበላዋል። ሻጮች ይህን ልዩነት የሚያቀርቡት እንደ ጉድለት ነው፤ እኔ ግን የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም ሆኖ ያገኘሁት ይህንኑ አጭርነቱን ነው። አንድ ሜትር ድረስ ለመቅረብ ሰው መረጋጋት፣ ኬልፕ በሚባለው ረጅም የባሕር አረም ግንዶች መካከል ድምፅ ሳያሰማ መውረድ፣ እግሩን ማሳረፍና ዓሣው ራሱ ሊያየው እስኪመጣ መጠበቅ አለበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ የዓሣው ዓይነት፣ መጠኑ፣ ፆታው፣ ከበስተጀርባው ሌላ ዓሣ ወይም ሌላ ጠላቂ መኖር አለመኖሩ በግልጽ ይታያል። ከአራት ሜትር ርቀት በደበዘዘ ውኃ የተተኮሰ ጦር ያገኘው ዓሣ ምን እንደሆነ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ከሞተ በኋላ ነው።

ይህ ነገር ለምን እንደሚከብደኝ ላብራራ። በመረብ የሚሠራ ሰው የማይፈልገውን ዓሣ ጭምር ያወጣል፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት መሠረት በዓለም ላይ በዓሣ ማስገር ሥራ በዓመት 9.1 ሚሊዮን ቶን ያህል ተይዞ ተመልሶ ወደ ባሕር ይጣላል። በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰውም የትኛው ዓሣ እንደሚበላለት አስቀድሞ አያውቅም፤ ትንሽ ከሆነ ግን ፈትቶ ሊለቀው ይችላል። ጦር የያዘ ሰው ከሁለቱም ይለያል። ዓሣውን አይቶና መርጦ ነው የሚወጋው፣ ከወጋው በኋላ ደግሞ የሚለቀው ነገር የለም። ስለዚህ ምርጫው የተሟላ ነው፤ ኃላፊነቱም እንደዚያው። «ሳላውቅ ገባብኝ» የሚል ምክንያት ለመረብ ሊሠራ ይችላል፣ ለጦር ግን አይሠራም።

አይቶ መምረጥ ደግሞ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ውኃ ውስጥ በመጥለቂያ መነጽር የሚታይ ነገር ሁሉ ከእውነተኛ መጠኑ በሲሶ ያህል ገዝፎ፣ ከእውነተኛ ርቀቱም በሩብ ያህል ቀርቦ ይታያል። በካሊፎርኒያ ሕግ ኬልፕ ባስ የሚባለው ዓሣ 14 ኢንች ካልሞላ አይወሰድም፤ ይህ ልክ እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ድረስ 12 ኢንች ነበር፤ የዓሣው ቁጥር እየቀነሰ መምጣቱ ስላሳሰበ ነው ከፍ የተደረገው። እንግዲህ ከላይ በተናገርኩት ስሌት 10 ኢንች ተኩል ያለው ዓሣ ለጠላቂው ዓይን 14 ኢንች የሞላ ይመስላል። ልምድ የሌለው ሰው ሕጉን አከብራለሁ እያለ ትንንሾቹን ሊጨርስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የእጅ ጦሩ ለዚህ ችግር የሚሰጠው መፍትሔ በመመሪያው ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ ከሌሎች ጠላቂዎች የተማርኩት ነው። በዘንጉ ላይ ከጫፉ ጀምሮ ተለክቶ የየዓሣው ሕጋዊ ልክ በሆኑት 12፣ 14 እና 22 ኢንች ላይ ነጭ ፕላስተር ይጠመጠማል። ጫፉ ከዓሣው አጠገብ ስለሚደርስ ምልክቱና ዓሣው ከዓይን እኩል ርቀት ላይ ይሆናሉ፤ ውኃው ሁለቱንም በእኩል ስለሚያገዝፋቸው ማነጻጸሩ ትክክል ይሆናል። ጠላቂው ከመልቀቁ በፊት ጦሩን ከዓሣው ጎን አስተካክሎ ይለካና ካልሞላ ይተወዋል። በሩቅ መተኮሻ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ መሣሪያው በእጅ፣ ዓሣው በአራት ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን የሚነጻጸር ነገር የለም። ጥርጣሬ ከቀረ ደግሞ አለመውጋት ነው፤ በምልክቱ ላይ ሊሞላ ምንም ያልቀረው የሚመስል ዓሣ ለእኔ ያልሞላ ዓሣ ነው።

መጠን ብቻውን ግን በቂ መመሪያ አይደለም። ሺፕሄድ የሚባለውን የዚህን ጠረፍ ዓሣ እንውሰድ፤ ሥጋው ነጭ፣ ጠንካራና ለጉላሽም ለጥብስም እጅግ የሚስማማ በመሆኑ ብዙ ሰው የሚፈልገው ነው። ሺፕሄድ ሕይወቱን የሚጀምረው በሴትነት ነው፤ ካደገና ዓመታት ካስቆጠረ በኋላ ወደ ወንድነት ይለወጣል። ሴቲቱ ሮዝ መሰል ቀለም ሲኖራት፣ ወንዱ ጭንቅላቱና ጅራቱ ጥቁር፣ ወገቡ ቀይ፣ አገጩ ነጭ ሆኖ ከሩቅ ይለያል። ከ50 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል ይህ ዓሣ በጠንካራ ጥርሶቹ የባሕር ጃርት የሚባለውን እሾሃማ ትንሽ እንስሳ እየሰበረ ይበላል። የባሕር ጃርት ደግሞ ያለ ልክ ሲበዛ፣ በአመቺ ሁኔታ በቀን 60 ሳንቲ ሜትር ሊያድግ የሚችለውን ግዙፉን ኬልፕ ከሥሩ እየበላ ጫካውን ራቁቱን ያስቀረዋል። ትልልቅ ሺፕሄዶች ትናንሾቹ የማይችሏቸውን ትልልቅ ጃርቶች ይሰብራሉ።

ለጦር አዳኝ ትልቁ ወንድ ፈታኝ የሚሆነው ለፎቶግራፍ ስለሚያምርና ድንጋዩን የሚጠብቅ በመሆኑ ብዙም ስለማይሸሽ ነው። ተመራማሪዎች በዚህ ጠረፍ እንዳሳዩት፣ ትልልቆቹ በብዛት በሚወጡበት ቦታ የቀሩት ሴቶች ገና በትንሽነታቸው ወደ ወንድነት ይለወጣሉ፤ በዚህም ሳቢያ ዓሣው በአጠቃላይ እያነሰ ይሄዳል። ሕጉ 12 ኢንች ከሞላ መውሰድን ይፈቅዳል። እኔ ግን ድንጋዩን የያዘውን ትልቁን ወንድ አልወጋም፤ ሥጋ የምፈልግ ከሆነ ልኩን ያለፈ መካከለኛ ዓሣ ከበቂ በላይ ነው። ትልቁ ከመካከለኛው ይልቅ የሚጣፍጥበት ምክንያትም የለም፤ እንዲያውም በዕድሜ የገፋ ዓሣ ሥጋው ይጠነክራል።

ስለ ቁጥሩ ደግሞ እንነጋገር። የካሊፎርኒያ ሕግ አንድ ሰው በቀን እስከ አምስት ኬልፕ ባስ እንዲያወጣ ይፈቅዳል። ዋይት ሲባስ የሚባለው ትልቅ ዓሣ 28 ኢንች ከሞላ በቀን ሦስት፣ በሚራባበት ወቅት ማለትም ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ግን በደቡቡ ክፍል አንድ ብቻ ይፈቀዳል። እነዚህ ቁጥሮች ከዚህ በላይ አትለፉ የሚሉ ጣሪያዎች ናቸው፤ ብዙ ሰው ግን ሊሞላው እንደሚገባ ኮታ አድርጎ ይመለከታቸዋልና ሦስት ባስ ይዞ ሲወጣ «ሁለት ቀረኝ» ይላል። 28 ኢንች የሞላ አንድ ዋይት ሲባስ ከሦስት ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ትልቁ ደግሞ 20 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ያለውን በቀን ሦስት አውጥቶ የሚበላ ቤተሰብ አላውቅም። ሕጉ ራሱ የተወሰደ ዓሣ እንዲበላሽ ማድረግን ይከለክላል፤ ለመዝናኛ በሚሰጥ ፈቃድ የወጣን ዓሣ መሸጥም ክልክል ነው፤ ይህም ዓሣውን በወዳጅነት ለሐበሻ ምግብ ቤት አሳልፎ ገንዘብ መቀበልን ይጨምራል።

ስለዚህ ልኩን የማወጣው ከሕግ መጽሐፉ ሳይሆን ከማእድ ቤቴ ነው፤ ወደ ባሕር ከመውረድ በፊት ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ማየት የግድ ይላል። ያለፈው ሳምንት ዓሣ ገና እዚያው ካለ የሚጠለቀው ለመዋኘትና ለማየት ነው፤ ጦሩ መኪና ውስጥ ይቀራል። ከአንድ ዓሣ የሚወጣው ንጹሕ ሥጋ ከጠቅላላ ክብደቱ ግማሽ አይሞላም፤ ቀሪው ጭንቅላት፣ አጥንትና ቆዳ ነው። ይህን የሚጥል ሰው ሁለት ዓሣ ገድሎ አንድ እንደበላ ነው የምቆጥረው። ጭንቅላቱና አከርካሪው በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በቃሪያ ሲቀቀል ጥሩ ሾርባ ይሆናል፤ ከአጥንቱ ላይ የሚፋቀው ሥጋ ለዱለት ይበቃል፤ ጎድኑ በአዋዜ ይጠበሳል። በዚህ አያያዝ አንድ መካከለኛ ሺፕሄድ ለአራት ሰው አንድ እራትና የማግስቱን ምሳ ይሸፍናል።

የጾምን ጉዳይ በዚህ ረገድ ማንሳት ተገቢ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ በጾም ወቅት ዓሣ የሚበላ ቤተሰብ አለ፤ ጭራሹን የማይበላም አለ፤ የትኛው ልክ እንደሆነ መወሰን የእኔ ድርሻ አይደለም። ነገር ግን በዐቢይ ጾም ዓሣ የማይቀምስ ቤተሰብ ያለው ሰው በጾሙ መግቢያ ዋዜማ ሁለት ትልልቅ ዓሦች አውጥቶ 55 ቀን በበረዶ ቢያስቀምጣቸው፣ በፋሲካ የሚያወጣው ደርቆ ጣዕሙን ያጣ ሥጋ ነው፤ እሱም በዶሮውና በበጉ መካከል ማን ያየዋል? የቤተሰብን የጾም ቀን መቁጠሪያ ሳያዩ ለአደን መውጣት የሚባክን ዓሣ ለማውጣት መዘጋጀት ነው።

«ለጎረቤት እሰጣለሁ» የሚለውም መፈተን አለበት። ማካፈል የባህላችን ደግ ነገር ነው፤ በባዕድ አገር ደግሞ ወዳጅነት የሚጠነክረው እንዲህ ባለ ስጦታ ነው። ሆኖም ስጦታው ትርፍን ማራገፊያ ሊሆን ይችላል። ቅርፊቱ ያልተፋቀ፣ ሆድ ዕቃው ያልወጣ ዓሣ በላስቲክ ከረጢት ለእትዬ በራፍ ላይ ማስቀመጥ እሳቸውን ማስቸገር እንጂ ማክበር አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ማብቂያው ቆሻሻ መጣያ ነው። እኔ የምከተለው ደንብ ከመውረዴ በፊት ደውዬ መጠየቅ ነው። ይበላሉ ወይ፣ ዛሬ ይመቻቸዋል ወይ፣ ጸድቶና ተቆራርጦ ይምጣላቸው ወይስ ሙሉውን ይፈልጉታል? አስቀድሞ እሺ ያለ ሰው ካለ የእሱ ድርሻ ከሚበላው ይቆጠራል፤ ከሌለ አይቆጠርም።

በአገራችን በሬም ሆነ በግ ሲታረድ ክርስቲያኑ በስመ አብ፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ብሎ ነው የሚያርደው፤ የሚታረደው እንስሳ ሕይወት ያለው ፍጡር መሆኑን የሚያስታውስ ሥርዓት አለ። ዓሣ ግን በሁለቱም ዘንድ መታረድ ሳያስፈልገው የሚበላ ስለሆነ፣ እንዴት መሞት እንዳለበት የሚነግረን ሥርዓት የለንም። ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ ለአዳኙ ኅሊና የተተወ ነው። በጦር የተወጋ ዓሣ ወዲያው ካልሞተ ጠላቂው በሚጎትተው ተንሳፋፊ ላይ በገመድ ተሰክቶ ሲንፈራገጥ ረጅም ደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል። ይህን ማሳጠር የሚቻለው ወዲያው ይዞ፣ ከዓይኑ ትንሽ ወደ ላይና ወደ ኋላ ባለው ቦታ ስለታም ቢላዋ ወደ አንጎሉ በመክተት ነው፤ ከዚያ ስንጥቡ ተቆርጦ ደሙ ይፈስሳል፣ ዓሣውም በረዶ ውስጥ ይገባል። በዚህ መንገድ የተያዘ ሥጋ ሳይለሰልስ ይቆያል፤ ለሥጋው ጥራት ባይጠቅም እንኳ ለዓሣው ሲባል መደረግ ነበረበት። የእጅ ጦሩ እዚህም ላይ ይረዳል፤ ዓሣው ከእጅ በአንድ ዘንግ ርቀት ላይ ስለሆነ በረጅም ገመድ መጎተት ሳያስፈልግ ወዲያው ይያዛል።

እስካሁን ያሞገስኩት መሣሪያ ከባድ ጉድለት እንዳለበት መደበቅ አልፈልግም፤ ጉድለቱም የመጣው ከዚያው ካሞገስኩት ባሕርይ ነው። ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ወፍራም ቅርፊትና ጠንካራ ጎድን ያለውን ዓሣ አልፎ ላይወጣ ይችላል። ጫፉ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ካልያዘ ዓሣው ተገንጥሎ ይሄዳል፤ የቆሰለ ዓሣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድንጋይ ሥር ገብቶ ይሞታል፤ ማንም አይበላውም። አጭር ጦር የያዘ ሁሉ ርኅሩኅ ነው ማለት አይቻልም። ሰውየው ከጦሩ ጉልበት በላይ የሆነ ዓሣ መርጦ በደካማ ጦር ካቆሰለው፣ በጥሩ መተኮሻ በአንድ ምት ከሚገድል ሰው የባሰ በደል ፈጽሟል።

በተለይ መደብሩ ከጦሩ ጋር አብሮ የሚሸጠው ጫፍ ለዚህ ተጠያቂ ነው። እንደ መንሽ ሦስት ጣት ያለው ይህ ጫፍ ለጀማሪ የማይስት ይመስላል፤ ለትንንሽ ዓሣም ይሠራ ይሆናል። ሕጋዊ ልክ የሞላ ባስ ወይም ሺፕሄድ ላይ ግን ጉልበቱ በሦስት ስለሚከፋፈል በጥልቀት አይገባም፤ ዓሣው ሲወራጭ ደግሞ ሥጋውን ይቀድደዋል። ከተገዛ በኋላ መጀመሪያ መለወጥ ያለበት እሱ ነው። ለመካከለኛ ዓሣ ነጠላ ሆኖ ወደ ኋላ የሚዘረጋ የብረት ክንፍ ያለው ጫፍ ይሻላል፤ ዓሣውን አልፎ ከወጣ በኋላ ክንፉ ስለሚከፈት አያስመልጥም። በአሸዋ ላይ ተኝቶ ለሚገኘውና 22 ኢንች ካልሞላ ለማይወሰደው ጠፍጣፋ ሃሊበት ደግሞ ከዘንጉ ተለይቶ በአጭር ጠንካራ ገመድ የሚቀር ጫፍ ያስፈልጋል፤ ሃሊበት ሲወጋ በኃይል ስለሚገለባበጥ ቋሚ ጫፍ ይታጠፋል ወይም ይነቀላል። ጦሩ ከእነዚህ ለሚበልጥ ዓሣ፣ ለምሳሌ ለትልቅ ዋይት ሲባስ፣ በብዙ ዓመት ልምድ ካልሆነ በቀር መያዝ የለበትም።

በበኩሌ በዚህ ላይ የጨመርኩት አንድ ደንብ አለ፤ ቆስሎ ያመለጠ ዓሣ እንደወጣ ይቆጠራል። ለእራት አንድ ዓሣ ፈልጎ የወጣ ሰው አንዱን አቁስሎ ካጣ፣ ከተቻለ ድንጋዩን ዞሮ ይፈልገዋል፤ ካላገኘው ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን ለሌሎች ስነግር ከባድ የሚመስላቸው አሉ። ዓሣው ግን ከባሕሩ ቀንሷል፤ ሳህን ላይ ባለመድረሱ ምክንያት ሌላ መተኪያ የሚገባኝ አይመስለኝም። ደንቡ ሌላም ውጤት አለው፤ ያልተረጋገጠ ምት ዋጋ ስላለው ሰው እርግጠኛ ሳይሆን ጭብጡን አይለቅም።

ሁለተኛው ጉድለት የጠላቂውን ደኅንነት ይመለከታል። መቅረብ ጊዜ ይወስዳል፤ ትንፋሽ ይዞ ከሥር መጠበቅ ደግሞ «ትንሽ ብቆይ ይመጣል» የሚል ፈተና አለበት። በትንፋሽ የሚጠልቁ ሰዎች ራሳቸውን የሚስቱት አብዛኛውን ጊዜ ሲመለሱ፣ ከውኃው ወለል ጥቂት ሜትር ሲቀራቸው ነው። ስለዚህ አንዱ ሲወርድ ሌላው ከላይ ሆኖ የሚጠብቅበት አሠራር መተው የለበትም። ሁለት ሰው አንድ ጦር እየተቀባበለ በየተራ መውረዱ ለዓሣውም ይበጃል።

የዕቃው ጥራት በዋጋው ልክ ነው። ቁራጮቹ የሚገጣጠሙበት ጥርስ አሸዋ ከገባበት ይነክሳል፤ አልሙኒየሙና ብረቱ በጨው ውኃ ተጣብቀው ሊቀሩ ስለሚችሉ ከእያንዳንዱ መጥለቅ በኋላ በንጹሕ ውኃ ማጠብና በሲሊኮን ቅባት መቀባት ያስፈልጋል። ላስቲኩ ፀሐይ አይወድም፤ መሰነጣጠቅ ሲጀምር ወዲያው መለወጥ ይገባል፤ ምክንያቱም የላላ ላስቲክ ማለት የሚያቆስልና የማይገድል ጦር ማለት ነው። ከካርቦን የሚሠሩት ቀለል ያሉና ፈጣን ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ብዙ እጥፍ ስለሆነ እራት ለማውጣት ብቻ ለሚጠልቅ ሰው አስፈላጊ አይመስለኝም።

ማንኛውም መሣሪያ የማይፈታው ጉዳይም አለ። ሳን ዲዬጎ ውስጥ ላ ሆያ በሚባለው የባሕር ዳርቻ አካባቢ ጃይንት ሲባስ የሚባለውን ዓሣ ማየት ይቻላል፤ ከ200 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችልና ለአሥርተ ዓመታት የሚኖር ፍጡር ነው። ሰው አይፈራም፤ ቀስ ብሎ መጥቶ ጠላቂውን ያየዋል። ባለፈው ክፍለ ዘመን አዳኞች ያለ ገደብ ሲያወጡት ከመጥፋት አፋፍ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ካሊፎርኒያ ማውጣቱን ከለከለች፤ አሁን ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው። ብርቱካናማው ጋሪባልዲም እንዲሁ የተጠበቀ ነው፤ የግዛቲቱ የባሕር ዓሣ ተብሎ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እዚያው ላ ሆያ ባለው፣ ማትላዋዩል በሚባለው ጥብቅ ክልል ውስጥ ደግሞ ከባሕሩ ምንም ነገር ማውጣት አይፈቀድም፤ በዚህ ጠረፍ ያሉት ጥብቅ ክልሎች ሥራ ላይ የዋሉት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ጀምሮ ነው። ወሰኑ ከባሕር ላይ በአጥር አይታይም፤ ከመውረድ በፊት ካርታውን ማጥናት የአዳኙ ግዴታ ነው። ክልሉ በትክክል ሲጠበቅ ዓሣው አድጎና ተራብቶ ከወሰኑ ይወጣል፤ ከወሰኑ ውጭ ለምናድነውም ጥቅሙ ይደርሰናል።

ይህን ጦር የምመክረው በእርጋታ ለመማር ፈቃደኛ ለሆነ፣ መካከለኛ ዓሣ ለሚበቃው፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓሣ በላይ ይዞ የመመለስ ፍላጎት ለሌለው ሰው ነው። በጥልቅ ውኃ ትልልቅ ተጓዥ ዓሣ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፤ ያ ሰው በቂ ጉልበት ያለው መተኮሻ ቢይዝና ከአንድ ዓሣ በኋላ ቃታውን ቢያቆም ይሻላል። ለጀማሪ ከጦሩ ጋር ነጠላ ክንፋም ጫፍ፣ ትርፍ ላስቲክ፣ ስለታም አጭር ቢላዋ፣ መለኪያ ሜትርና በረዶ የሚይዝ ሳጥን አብሮ እንዲገዛ እመክራለሁ። በጀቱን ሲያወጣ ደግሞ 16 ዓመት የሞላው ሁሉ ሊይዘው የሚገባውን፣ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ለ365 ቀን የሚያገለግለውን የዓሣ ማጥመድ ፈቃድና ፖይንት አርጌሎ ከሚባለው የካሊፎርኒያ ጠረፍ ጫፍ በስተ ደቡብ በባሕር ለሚያድን ሰው የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ማረጋገጫ ክፍያ ማስላት አለበት፤ የዋይት ሲባስ ጫጩቶች ተፈልፍለው ወደ ባሕር እንዲለቀቁ የሚደረገው በዚህ ክፍያ ገንዘብ ነው።